ችካሉ የተተከለበት ሰኔ

ሰሞኑን የከተማው አስተዳደር የዓመቱን ሥራ የሚገመግምበት ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለምሳው ነው፤ አልዋሽም። ሐምሌ ነው፤ የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ተከናንቦ ዝናቡን ይለቅብናል፤ ቤት ብውል ጉልበቴን ታቅፌ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለኝም። የመጥሪያ ወረቀቱን ራሴ አንብቤ፣ ኮቴን ደርቤ፣ አዳራሹ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በር አጠገብ የምቀመጠው ወሬ ሲበዛ ሹልክ ለማለት እንዲመቸኝ ነው።

አንዲት ወጣት ሪፖርቱን ታነባለች። ሪፖርት ሲነበብ ሰው ያንቀላፋል፤ እኔ ግን ውሸት እለቅማለሁ። ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ብጠብቅ ብጠብቅ የሚለቀም ጠፋ። አስፋልቱን ረግጬው መጥቻለሁ። የመንገዱ መብራት በደጄ ይበራል። ገቢውም ካሰቡት በላይ ገብቷል አለች፤ ነጋዴው ሲያጉረመርም ስለሰነበተ እሱንም አመንኳት። «የከተማችን የፋይናንስ ጤንነት አስተማማኝ ነው» ስትል ብቻ አጠገቤ ወደተቀመጠው ወጣት ጠጋ ብዬ «ገንዘብም ሐኪም ቤት ይመላለሳል እንዴ?» አልኩት። ልጁ በአፍንጫው ሳቀ።

ቀጥላ «ከተያዘልን በጀት ሥራ ላይ ሳይውል የተመለሰ የለም» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ‹ምን ነካው ሰውዬው?› ይል ነበር፤ ለባለሥልጣን አጨብጭቤ አላውቅም። ግን «ይመለሳል» የሚባለው ነገር ሰውን ምን እንደሚያደርግ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ያወቅኩት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ቤታችን ሶዶ በሚያልቅበት ቁልቁለት ላይ ነበር። ሰፈራችን የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ እናቴም አያቴም ጭቃ አቡክተው፣ እንስራና ድስት ተኩሰው ነው የኖሩት። ከእኛ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ባለ መሬቶቹና ባለ ከብቶቹ ይኖራሉ። ለእኛ ሰፈር የራሳቸው ስም ነበራቸው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሲጠሩት ከንፈራቸው ይጣመም ነበር ካልኩ ይበቃል። ድስታችንን ይገዛሉ፣ ቤታቸው ግን አያስገቡንም። ለቅሶ ስንደርስ ከአጥር ውጭ እንቆማለን። ምግብ ከሰጡንም በእንሰት ቅጠል ነው፤ ሳህናቸውን እንዳንነካባቸው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። የነበረውን ነው የምናገረው።

ውሃ የምንቀዳው ግን ሁለታችንም ከአንድ ምንጭ ነበር፤ ከእኛ ሰፈር በታች ገደል ውስጥ። በበጋ ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይቀላቀለውና ቀይ ወጥ ይመስላል፤ መውረጃው ደግሞ ሳሙና ነው። የላይኛው ሰፈር ሴቶች በእኛ ደጅ ወርደው በእኛ ደጅ ይወጣሉ። እናቴ የሠራችውን እንስራ አዝለው እናቴን ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ።

አንድ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ለሁለቱ ሰፈር አንድ ቦኖ፣ ማለት ሁሉም የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ፣ በጀት ያዘ። ቧንቧውን የጫነው መኪና ጭቃ ይዞት ከርሞ ሲደርስ ሰኔ ተጋምሷል። ለቁፋሮ የተቀጠሩት ሰዎችም ዝናቡን ሲያዩ ወደ በዴሳና ወደ ጉኑኖ፣ ወደየእርሻቸው ተበተኑ። ማን ይፈርድባቸዋል? በሰኔ ማሳውን ትቶ የሰው ቦይ የሚቆፍር ገበሬ የለም።

ሥራውን የያዘው አቶ መስፍን የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ ጃንጥላው ከእጁ አይለይም። ሁለቱንም ሰፈር ላይኛው ሜዳ ላይ ሰበሰበን።

«ጎበዝ» አለ፣ «ሰኔ ሠላሳ ሒሳብ ይዘጋል። ያልሠራንበት ገንዘብ ይመለሳል። ከተመለሰ ለከርሞ ለየትኛው ሰፈር እንደሚደርስ እኔ አላውቅም። ጉልበት ስጡኝ።»

«ወዴት ነው የሚመለሰው?» አለ አንዱ።

«ወደ መጣበት።»

«ገንዘቡ ነው ውሃው?»

«ሁለቱም!»

አቶ ጮራሞ ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ። የላይኛው ሰፈር ትልቅ ሰው ናቸው፤ የእንሰት ጓሯቸው ከቤታቸው ጀርባ ጫካ ይመስል ነበር፤ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል። «ምን ያስጨንቃል?» አሉ። «የታችኞቹ አሉ አይደል? አፈር ሲጭሩ ነው የሚውሉት። ይቆፍሩ።»

እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። የእኛ ቦታ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። «ቦኖው የት ነው የሚቆመው?» አልኩ።

«እዚሁ ሜዳ ላይ። እኔ ደጅ» አሉ አቶ ጮራሞ።

«እኛስ?»

«መጥታችሁ ትቀዳላችሁ። ማን ከለከላችሁ? ሰው ቀድቶ ሲጨርስ።»

«እንግዲያው ሰው ይቆፍረው!» አልኳቸው።

አጎቴ ክንዴን ጨመቀኝ፤ ግን አፌ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። «ወይም ደግሞ ቦኖው ታች፣ እኛ ደጅ ይቁም። ከቆመ ከላይ እስከ ታች እኛ እንቆፍራለን።»

አቶ ጮራሞ ወደ ሰዉ ዞረው ሳቁ። «ከእነሱ ደጅ ልቅዳ? እኔ? ይመለስ! ገንዘቡም ይመለስ፣ ውሃውም ይመለስ!»

ይህኔ እናቴ ወደ ፊት ወጣች። እናቴ አጭር ሴት ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ጮራሞ» አለቻቸው፣ አቶ ሳትል፤ «ዛሬ የጠጣኸው ውሃ በምን መጣ?»

«በእንስራ ነዋ።»

«እንስራውን ማን ሠራው?»

ሁለት እጆቿን ወደ ፊታቸው ዘረጋች።

«እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ አቡክቼ። ከልጅነትህ ጀምሮ ሆድህ የገባው ውሃ በሙሉ በእጃችን ያለፈ ነው። ይመለስ ካልክ እንግዲህ እሱንም መልሰው!»

የሳቁት ሴቶቹ ናቸው፤ የራሳቸው ሰፈር ሴቶች። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አቶ መስፍን ይህን ጊዜ ሳያሳልፍ «ቧንቧው እስከ ታች ይደርሳል። ውሃም ቁልቁለት ይወዳል። ለእኔ የትም ይቁም፤ ብቻ ሰኔ ሳያልቅ ይቁም!» አለ። ወረቀት አውጥቶ በጃንጥላው ሥር ሊጽፍ ሲል ያዝኩት።

«አቶ መስፍን፣ ወረቀቱን እርስዎ ያንብቡት። እኛ አናነብም። ለእኛ ቦኖው የሚቆምበት ቦታ ላይ ችካል ይትከሉልን።»

ሰዉ ሁሉ ተከትሎን ወረደ። በእኛ ደጅ፣ እናቴ ድስት ከምትተኩስበት ቦታ አለፍ ብሎ፣ አቶ መስፍን ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል መታ። በማግስቱ ዶማችንን ይዘን ወጣን። የሰኔ አፈር ሲቆፈር የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብና ከበድ ያለ፣ ጓሮ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ሲከፈት እንደሚሸተው ዓይነት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንወጣ ችካሉ ተነቅሎ ጭቃ ላይ ተጋድሟል። ማን እንደነቀለው ሁሉም ያውቃል፤ ያየ ግን የለም። ዶማችንን ጥለን ተቀመጥን። አቶ መስፍን መጣ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። «ሌላ ችካል እተክልላችኋለሁ» አለ። «እሱንም ይነቅሉታል» አልኩት። ከላይኛው ሰፈር ማንም ዝር አላለም። ገንዘቡ ሊመለስ ነው፤ እኛም ወደዚያ ገደል ዕድሜ ልካችንን ልንወርድ ነው። ያም ሆኖ ከተቀመጥንበት አልተነሣንም። እልህ ይዞኛል፤ በእኛ ዶማ ተቆፍሮ በሰው ስም የሚጠራ ውሃ ከምጠጣ ጭቃውን ብጠጣ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ዘነበች እንስራ አዝለው ወረዱ። የአቶ ጮራሞ ባለቤት ናቸው። በዚያው ሳምንት የምንጩ መንገድ አንሸራትቷቸው ወድቀው አንድ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል፤ አሁንም በዚያ እጅ ሊቀዱ ነው የሚወርዱት።

«ምን ትጎለታላችሁ? ውሃ በመጎለት ይመጣል?»

«ችካሉን ነቀሉት፣ እትዬ» አልኩ።

ችካሉን አዩት። ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው አዩ። እንስራቸውን አወረዱ፤ በደህናው እጃቸው ችካሉን አነሡና ጭቃውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙት። «መዶሻ!» አሉኝ። እጃቸውን እንዳልመታ ፈርቼ ቀስ ብዬ ነካ ነካ ሳደርገው «ምን እንደ ሙሽራ ትዳብሰዋለህ? ምታው እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ። መታሁት። ከዚያ ወደ ላይ ዞረው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ባለቤቴ መንቀል ካማረው እኔን ይንቀል!» አሉና ችካሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እንግዲህ ይህን ያየ ጎረምሳ እንዴት ይቀመጣል? ተነሣን። እኩለ ቀን ሳይሆን የላይኛው ሰፈር ሴቶች አካፋ ይዘው ወረዱ፤ ሚስቱ ወርዳ እሱ ቤት የሚቀር ወንድ ስለሌለ ወንዶቹም ተከተሉ። ከጉራጌ አገር መጥቶ ብረታ ብረት የሚነግደው ጎረቤታችን ድጅኖዎቹን በሙሉ አዋሰን፤ «ቢሰበርም ስባሪው ይምጣልኝ!» እያለ እየዞረ ይጠብቃቸዋል። ለምሳ የተቀቀለ የቦዬ ሥርና ቆጮ በጎመን፣ ዓይን የሚያስለቅስ ዳጣ፣ የሚጠጣውም ቦርዴ በገንቦ መጣ። አንዷ ሴት ለእነሱ ሳህን፣ ለእኛ ቅጠል ልታወጣ ስትል ወይዘሮ ዘነበች ሳህኖቹን ሰብስበው ወደ ዘንቢሉ መለሱና «ዛሬ ሁሉም በቅጠል!» አሉ። ከዚያን ቀን በፊት ቅጠል ላይ በልቼ አልጠገብኩም። ያን ቀን ጠገብኩ።

መጨረሻው ላይ፣ ችካሉ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ዐለት ገጠመን። ሰኔ ሠላሳ ነው። ድጅኖ ቢመቱበት እሳት ይተፋል እንጂ አይነቃነቅም። አቶ መስፍን ጃንጥላውን ጥሎ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ያኔ ነው አቶ ጮራሞ የመጡት። ከዘራቸውን አጥር ላይ ሰቀሉ፤ ኮታቸውን አወለቁ፤ ማንንም ሳያዩ ቦዩ ውስጥ ገብተው አጠገቤ ቆሙና ከእኔ ድጅኖ ሥር የእሳቸውን ሰደዱ። «አንድ ላይ!» አሉ። አንድ ላይ ገፋን። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላደረግኩላቸውም። ዐለቱ ግን ተነቀለ።

ቧንቧው ተቀጥሎ ሲከፈት መጀመሪያ አሳለ፤ ከዚያ ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ውሃው እየጠራ፣ እየጠራ መጣ። እልልታው ዳሞታ ላይ የተሰማ ይመስለኛል። አቶ መስፍን እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ «አልተመለሰም! አልተመለሰም!» እያለ ቢሮ ሳይዘጋ ሊደርስ ሽቅብ ሮጠ። መጀመሪያ ማን ይቅዳ ሲባል እናቴ ወይዘሮ ዘነበችን ወደ ፊት ገፋቻቸው። እሳቸው ግን እንስራቸውን ትተው በእፍኛቸው ቀዱና በእኛ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጠጡ።

ከዚያ ወዲያ የላይኛው ሰፈር በየቀኑ እኛ ደጅ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ወረፋ ላይ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ልጁን ይድራል። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ቀረ፤ ተሰልፈህ ቆመህ ምን ታልፋለህ? ሁሉ ነገር ግን ማር አልነበረም። ከውሃው ኋላ ጀሪካን መጣና የእናቴን እንስራ ከገበያ አስወጣው፤ እሷም ይህን እያየች አረጀች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ችካል የሚተክልልኝ አላገኝም ብዬ፣ ሦስት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ከልጄ እኩዮች ጋር ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። እየሳቁብኝ ቆጠርኩ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ስብሰባው አልቆ ምሳ ቀረበ፤ ቁርጥ ነው። በአንድ ትሪ ለአራት ተቀመጥን፤ እኔ፣ ቅድም በአፍንጫው የሳቀው ወጣት፣ አንድ ነጋዴና አንድ ቄስ። ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥርሴ እንደማያግዘኝ ያየው ልጅ ስስ ስስ አድርጎ እየቆረጠ ወደ እኔ ይገፋልኛል። የከተማን ጤንነት ካዝናው ይናገር ይሆናል፤ ልጅቷም ስታነብ አልዋሸችም። እኔ ግን ትሪው ዙሪያ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ሳላይ ለማንም ከተማ ድነሻል አልልም።

«አባባ፣ ሰፈርዎ የት ነው?» አለኝ ልጁ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መልሴን እንደ ዱላ ይዤው ነው የኖርኩት። «ታች» አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ፤ «ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ።»

እያላመጠ አሰበ። «የት ይሆን እሱ?»

«ከአስፋልቱ ታጥፈህ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ።»

«ኦ፣ ቦኖ ሰፈር አይሉኝም!» አለ ግንባሩን መትቶ። «አባባ፣ እዚያ እኮ ቤት ፈልጌ አጣሁ። ሰው ሁሉ እዚያ ካልኖርኩ ይላል። ኪራዩማ አይነካም!»

ቄሱም ነጋዴውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይነካም» አልኩት፤ ቢላዋውንም ተቀብዬ ለራሴ ወፈር ያለውን ቆረጥኩ።