የጠርሙሱ ግርጌ

ቢራው ተለውጧል። ዝግታ የሚባለው ጡረተኛ ይህን ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ከአቋሙ ያስለቀቀው ሰው የለም። በየቀኑ አመሻሽ ላይ እዚያችው ግሮሰሪ ይገባል፣ እዚያችው የጥግ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣል፣ አንድ ባለወፏ ያዝዛል። ብርጭቆውን ሞልቶ አንዴ ይጎነጫል። ከዚያ ፊቱን ያጨማድድና ጠርሙሷን አዙሮ አዙሮ ያያታል፤ የሌላ ሰው ትእዛዝ በስህተት የመጣበት ይመስላል።

"ይህቺ ባለወፏ አይደለችም፤" ይላል።

ባለወፏ መባሏ ወረቀቷ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ስላለች ነው። ወፏ አሁንም አለች፤ ክንፏም እንደተዘረጋ ነው። ባለግሮሰሪዋ በመጀመሪያው ሰሞን ያላደረገችው ነገር የለም፤ ከሌላ ሳጥን ከፍታለታለች፣ ከሌላ አከፋፋይ አስመጥታለታለች፣ ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ አጥባለታለች። ምንም። አንድ ቀን ደግሞ ዝግታ ራሱ ሳጥን የሚያወርደውን ሾፌር መንገድ ላይ አስቁሞ፣ "ውሃውን ለውጣችኋል?" ብሎ አፋጠጠው። ሾፌሩ፣ "ጋሼ፣ እኔ ሳጥን ነው የማወርደው፤" ብሎ መኪናውን አስነሣ።

"ሌላው ሰው ሁሉ ይጠጣው የለም እንዴ፣ ጋሼ?" ትለዋለች ባለግሮሰሪዋ።

"ሌላው ሰው ምን ያውቃል? ሌላው ሰው ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ የእጅ መታጠቢያሽንም ብታቀርቢለት ይጠጣል።"

"ታዲያ ሌላ ዓይነት ልስጥዎት?"

"ሌላ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው እሷን ነው።"

እዚህ ላይ ትታው ትሄዳለች። ሚስቱ ጥላው የኮበለለች ባል እንኳ እንዲህ አያላዝንም ብላ ለሌሎቹ ጠጪዎች ነግራቸዋለች፤ እነሱም ስቀዋል። እሱ ግን የምሩን ነበር።

የባሰ ያስጨነቀው የእህቱ ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውልለታለች፤ ደግ ልጅ ናት፤ ግን እውነቱን ሳትጠየቅ መናገር ትወዳለች። የቢራውን ነገር ሲያጫውታት፣ "አጎቴ፣ ቢራው ላይሆን ይችላል። ምላስም እኮ ያረጃል፤" አለችው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ጉልበቱ አርጅቷል፤ እሺ። ግራ ጆሮውን የሞተር ጩኸት ወስዶበታል፤ እሺ። ምላሱም ከሄደ ግን ምን ሊቀረው ነው? ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠብቃት ነገር ያቺ አንድ ጠርሙስ ብቻ ናት። ስለዚህ የተለወጠው የግድ ቢራው መሆን አለበት። የተለወጠው እሱ ከሆነ፣ አለቀለት ማለት ነው።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሊፍት መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ እሱ ራሱ የሚኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም፤ እሱም ድሮ ይስቅ ነበር። አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሳቁ አይመጣለትም። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አንድ ኮት ነው። ትዳር አልያዘም። ሊይዝ ያሰበባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ግን "ዝግታ" የሚለው ስም በከንቱ አልወጣለትም፤ እሱ አስቦ እስኪጨርስ ሴቶቹ አግብተው ወልደው ነበር። አንዳንድ ቀን የሚሠራው ቢያጣ ትልልቆቹ ሕንፃዎች ውስጥ ይገባና ሊፍቱ በር ጋ ይቆማል። የትም አይሄድም። ሞተሩን አዳምጦ፣ "ይሄ ዘይት ጠምቶታል፤" ብሎ ለራሱ ይናገርና ይወጣል። የሚሰማው ሰው ቢኖር ደስ ባለው ነበር፤ የለም።

ዝግታ የሚለውን ስም ያወጣለት ፊውዝ ነው። ፊውዝ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ የሥራ ባልደረባው። እሱን ደግሞ ፊውዝ ያለው ዝግታ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው በትንሽ ነገር ቱግ ብሎ ይቃጠላል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሄዶ ካላናገረው አይበራም። ሄዶ የሚያናግረው ሁልጊዜ ዝግታ ነበር።

ሠላሳ ዓመት አብረው ሠሩ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ሞተሩ ጋ፣ አንዱ ታች ሊፍቱ ጋ ሆኖ እየተጯጯሁ ነው የሚሠራው። ፊውዝ ከላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሽቦ ይነካካል፤ እጁ የባንክ ጸሐፊ እጅ ነው የሚመስለው። ዝግታ ግን ታች ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ገመድ ይፈትሻል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ሲወጣ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ፊውዝ ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ግሮሰሪው ይሄዳል። ዝግታ ደግሞ መታጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በዱቄት ሳሙና፣ ከዚያ የጥፍሩን ሥር በክብሪት እንጨት። እጁንም የሚታጠበው እንደ ስሙ ነው።

ግሮሰሪው ሲደርስ ጠርሙሷ ተከፍታ፣ ግማሿ ተጠጥቶ፣ ፊውዝም አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ያገኘዋል።

"ና ቁጭ በል። ድርሻህ ቆማ እየጠበቀችህ ነው።"

ከዚያ ወሬ ነው። ፊውዝ በቀን ውስጥ ያየውን ሁሉ ያመጣል፤ ሊፍት ውስጥ መስታወት ፊት የሚጨፍረውን ሥራ አስኪያጅ፣ ተጣልተው ገብተው ታርቀው የሚወጡትን ባልና ሚስት። ዝግታ ግማሿን በትንሽ በትንሹ እያጣጣመ ይሰማዋል። አንዷን ለሁለት መጠጣት የጀመሩት ወጣት ሳሉ የሁለት መግዣ አጥተው ነው። ኋላ እጃቸው ሲላላ ዝግታ ሁለተኛ ላዝዝ ቢል ፊውዝ ተቆጣ። "ሁለት ያሰክራል፤ አንድ ያጫውታል፤" አለ። እንዲሁ ሆኖ ቀረ፤ አናቷ የፊውዝ፣ ግርጌዋ የዝግታ።

ጡረታ የወጡት በአንድ ሰሞን ነው። የፊውዝ ልጅ አባቱን ወስዶ አብሮት ሊያኖር ከሩቅ ከተማ መጣ፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። በመጨረሻው ቀን ጓደኛሞቹ ግሮሰሪው ውስጥ ተገናኙ። ሥራ ስላልነበረ ዝግታ የሚታጠበው ነገር አልነበረውም፤ እኩል ገቡ፣ እኩል ተቀመጡ። ጠርሙሷ መጣች። ፊውዝም እንደ ልማዱ አንሥቶ ለራሱ ቀዳ።

 ዝግታ ሊለው የፈለገው ነገር ቀላል ነበር፤ አንተ ስትሄድ እኔ ከማን ጋር ልሆን ነው? ግን እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሁሉ ዓመት ተባብለው አያውቁም። ከየት ይጀመራል? አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

"ዛሬ እንኳ አናቷን ብትተውልኝ ምን ነበረበት? ዕድሜዬን ሙሉ አተላህን ስታጠጣኝ ኖረህ!"

ፊውዝ ብርጭቆውን ሳይቀምስ አስቀመጠ።

"አተላ?" አለ። "እኔ ነኝ አንተን አተላ ያጠጣሁህ?"

ተነሣ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ዝግታ በማግስቱ መነኻሪያ አልሄደም። ሄዶ ማናገር የሱ ድርሻ መሆኑን ያውቃል፤ እያወቀ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ እሱ ይምጣ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ደግሞ እሱ ይደውል ብሎ ጠበቀ። ያኛውም እዚያ ሆኖ ሳይጠብቅ አልቀረም። ስልክ እንደሆነ ማንም ካልነካው ዓመታት ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ዕቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሷ አናቷም ግርጌዋም የዝግታ ሆነች። ያን ያህል ዘመን ዓይኑን የጣለበትን የመጀመሪያውን ብርጭቆ፣ አረፋውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ብቻውን ይጠጣ ጀመር። ምላሱን ቆነጠጠው። ይመራል፣ ጥርስ ያጠዘጥዛል፣ በአፍንጫ ይወጣል። ያቺ የሚያውቃት ለስላሳ፣ ትንሽ የዳቦ ቃና ያላት ባለወፏ የት ገባች? የሚያዘገየው ወሬም የለም፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር በዝግታ የሚያደርገው ሰው ይህቺን ብቻ እንደ መድኃኒት ግጥም ግጥም አድርጎ ይጨርስና ወደዚያ ደረጃ ይመለሳል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ገና እንደቀዳ፣ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ዘበኛው እያለከለከ ገባ። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ቆሟል፣ ውስጡ አንዲት እናት ከነዘንቢሏ አለች፣ የድርጅቱ መካኒክ ደግሞ ስልክ አያነሣም።

"ጋሽ ዝግታ፣ በሞቴ ይድረሱልን!"

ዝግታ ጉልበቱን ረሳው። ሞተር ክፍሉ ድረስ ወጣ፣ ኤሌክትሪኩን አጠፋ፣ ፍሬኑን ለቀቀና ትልቁን ጎማ በእጁ እያዞረ ሊፍቱን በጥቂት በጥቂቱ ያወርደው ጀመር። ታች በሩ ጋ ቆሞ የሚጮህለት ዘበኛው ነው።

"ፊውዝ! ደረሰ?" ብሎ ተጣራ ዝግታ።

ከታች "እኔ ነኝ፣ ጋሼ፤" የሚል ድምፅ መጣ። "ትንሽ ይቀረዋል።"

በፊውዝ ቦታ ቆሞ ፊውዝን መጣራቱ ራሱን አስደነገጠው። ሆኖም ጎማውን አልለቀቀም፤ ሴትየዋ በሰላም ወጣች፣ እያለቀሰች አመሰገነችው፣ ከዘንቢሏ ብርቱካን ልትሰጠው ስትል እጁን አሳያት። እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። ዘበኛው ናፍጣና የዱቄት ሳሙና ፈልጎ አመጣለት። ዝግታም ቧንቧው ሥር ቆሞ በሥርዓት ታጠበ፤ የጥፍሩን ሥር እንኳ አልተወም። የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ አልቸኮለም።

ግሮሰሪው ሲመለስ ባለግሮሰሪዋ አንገቷን ደፋች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብርጭቆው ውስጥ ዝንብ ገብታ ደፋሁት። ጠርሙሱ ውስጥ ግማሽ አለ፤ ግን ሞቋል፤ አዲስ ልክፈትልዎት።"

"ተይው፤" አለ። ጠምቶት ነበር። የተረፈውን ቀድቶ ጠጣ።

ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

እሷ ናት። ለስላሳዋ፣ ባለ ዳቦ ቃናዋ፣ ራሷ ባለወፏ። እንደገና ቀመሰ፤ አሁንም እሷ ናት። እጁ ናፍጣና ሳሙና ይሸታል፣ ቢራው ለብ ብሏል፣ ጋዙ ወጥቶለታል። ቢራው አልተለወጠም። ምላሱም አላረጀም። ያን ሁሉ ዘመን ሲያጣጥማት፣ ለሰው ሁሉ ሲያሞግሳት የኖረው ባለወፏ ግርጌዋ ነበረች፤ ሌላ ሰው አናቷን ጠጥቶለት፣ እሱ እስኪታጠብ ቆማ የጠበቀችው። አተላ ብሎ የሰደባት እሷን ነው።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ሆድ ባሰው። ከዚህ ይልቅ ምላሱ አርጅቶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የእርጅና ነገር የማንም ጥፋት አይደለም።

"ምነው፣ ጋሼ? ተበላሽቷል እንዴ?"

"አልተበላሸም፤" አለና ስልኩን አወጣ።

ስልኩ ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሣ።

"ሃሎ።"

"እኔ ነኝ።"

"ማን እኔ?" አለ ፊውዝ። ድምፁን አውቆታል፤ ያስታውቃል።

"ዝግታ።"

"እህ።" አለ ፊውዝ። "አለህ?"

"አለሁ። አንተስ?"

"ይኸው አለሁ። ልጁ ደህና ነው። ቤቱም ሰፊ ነው።"

"የምታጫውተው ሰው አገኘህ?"

"ቀን ቀን ሁሉም ሥራ ይሄዳል።"

ዝግታ የደወለው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። ቃሉ ግን እንደዚያ ሊፍት መሀል ላይ ቆሞ አልወጣ አልወርድ አለው።

"ባለወፏ እዚያ ትገኛለች?" አለ በመጨረሻ።

"ትገኛለች። እዚህ ሰፈር አንድ ቤት አለ፤ እሄዳለሁ።"

"ጣዕሟ እንዴት ነው?"

"ያው ናት። አናቷን እጠጣለሁ፣ ግርጌዋን ትቼ እነሣለሁ።"

"የተተወውስ ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል? አስተናጋጁ ይደፋዋላ።"

ዝግታ ዓይኑን ጨፈነ። በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሽ ጠርሙስ በየቀኑ ቆማ ስትጠብቅ፣ ቆይታ ቆይታም ስትደፋ ታየችው።

"የኔን ነው እኮ የሚደፋው፤" አለ። 

 ፊውዝ እንደ ድሮው ቱግ አለ።

"ታዲያ የማን መስሎህ ነው የምተወው?"