የሰይድን መቃብር ብረሳውስ

ሕመሙ የጀመረኝ ሐይቅ ከተማ ገበያ ዳር ዓሣ ስሸጥ ነው። የአንድ ባጃጅ ጭስ ማውጫ ጧ አለ። ሚዛኑን ለቅቄ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ደንበኞቼ ሳቁ፤ እኔም የቆሮሶ ዓሣዬን ከመሬት እየለቀምኩ አብሬያቸው ሳቅሁ። ጦርነቱ ካለፈ ወራት ተቆጥረው ነበር።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ምግብ አስጠላኝ። ወደ አምባሰል በሚያወጣው መንገድ መሄድ አቃተኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ በዚያ መንገድ ስንሸሽ ተመቶ ሞቷል። አንድ ሽማግሌ ገበሬና እኔ በጋቢው ጠቅልለን ማሳ ዳር ቀበርነው። ሽማግሌው በኋላ አረፉ። ቦታውን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። እህቴ ዘሃራ መቃብሩን እንዳሳያት በለመነችኝ ቁጥር "ሲሻለኝ" እላት ነበር።

ቤተሰቡ ጂን ነው ብሎ ወዳጃ አስቀመጠልኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ አደረገ፤ ጫትም ተቃመ፤ እኔም ለመዳን ብዬ ከሁሉም አብልጬ ቃምኩ። ሦስት ቀን ዓይኔ አልተከደነም። ደሴ ያገኘሁት የአእምሮ ሐኪም ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ፣ "ዱዓውን አይተዉ። ጫቱን ግን ለጤነኞቹ ይተዉላቸው" አለኝ።

የሕመሜን ስም የነገረኝም እሱ ነው፦ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ። ከባድ ድባቴም ነበረብኝ። ከዓመት በላይ ሰርትራሊን የሚባል ክኒን ዋጥኩ፤ የምክር ሕክምናም ተከታተልኩ። ድንጋጤው ረገብ አለ። ድባቴው ባሰ። መሞት አማረኝ። ይህንንም ለሐኪሙ ነገርኩት።

አዲስ አበባ ላከኝ፤ ዘሃራ አብራኝ ሄደች። እዚያ ያየችኝ ሐኪም ሁለት መንገድ አቀረበችልኝ። አንዱ በደም ሥር የሚሰጠው ኬታሚን ነው፤ ቶሎ ሊያቀል ይችላል፣ ግን የደም ግፊት ይጨምራል፣ ውጤቱም ቶሎ ስለሚያልቅ መደጋገም ይፈልጋል። ሌላው ኢ.ሲ.ቲ. ነው፤ በሰመመን ተኝቼ ሳለሁ ለአጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ በአንጎል ያልፋል።

"ለድባቴው ጠንካራው ኢ.ሲ.ቲ. ነው፤ ለፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.ው ግን ቃል አልገባልዎትም" አለችኝ። "ትውስታ ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የሕክምናው ሰሞን ትውስታ ነው። አልፎ አልፎ የቆየውም ይነካል።"

ኬታሚን አልኩ። ግፊትዎ ከፍተኛ ነው አለችኝ። ኤሌክትሪክ እፈራለሁ ብዬ ዋሸሁ።

"የሚፈሩት ሌላ ነገር ይመስለኛል።"

ስለ ሰይድ መቃብር ነገርኳት።

"ቦታውን ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ለአንድ ሰው ያሳዩ። ከዚያ እንመርጣለን። እስከዚያው ብቻዎን እንዳይሆኑ።"

ውጭ ለጠበቀችኝ ዘሃራ ፍርሃቴን ነገርኳት። "አብሽር ወንድሜ" አለችኝ፤ "ከእንግዲህ ሁለታችን እናውቀዋለን።" ወደ ወሎ ተመልሰን መቃብሩን አሳየኋት። ኢ.ሲ.ቲ.ን የመረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ራሴን ያመኝ፣ ቀኑም ይምታታብኝ ነበር፤ ሆኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ራበኝ፣ እየቆየም እንቅልፌ ተመለሰ፣ አሁን ዓሣዬን እየመዘንኩ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ። ባጃጅ ጧ ሲል ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ጠረጴዛው ሥር ግን አልገባም። መድኃኒቱንም ምክሩንም አልተውኩም።

ሁለቱን ሐኪሞች አላህ ይስጥልኝ። ይህን ምርጫ ለተጋፈጣችሁ የምለው፣ ለእኔ የሆነው ለእናንተ ላይሆን ይችላልና ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ግን የምትፈሩትን እውነተኛውን ነገር አትደብቁት። እንዳይጠፋባችሁ የምትሳሱለት ነገር ካለም ለምታምኑት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

የሰይድ መቃብር አልጠፋኝም። ዘሃራን ወደዚያ የወሰድኩባት ቀን ግን ከትውስታዬ ጨርሶ የለችም። ሰይድ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣኝም ነበር፤ ያን ቀን ግን ድንጋዮቹን እያስተካከልኩ ጮክ ብዬ አልቅሻለሁ አሉ። ያቺ ቀን ስትናፍቀኝ ዘሃራን እጠይቃታለሁ፤ እሷም ሳትሰለች ከመጀመሪያው ትነግረኛለች።