ጋሽ ዩስፌ የሰፉት ዚፕ

ባለፈው ሳምንት የሻንጣዬ ዚፕ መሀል ላይ ተነክሶ አልሄድ አለኝ። ሳብኩት፣ ገፋሁት፣ ሰደብኩት፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ሳላስበው እጄ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ያስቀመጥኩትን ሻማ ይዞ ወጣ። የዚፑን ጥርሶች በሻማው ከላይ እስከ ታች አሸሁና ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ዝዝዝ ብሎ ወረደ። ድምፁ በጆሮዬ፣ የሰሙ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ ልብሶቼን እንደተበተኑ ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባ የሚቀርበኝ ሰው አይደለሁም። ግን ጋሽ ዩስፌ መጡብኝ።

ሻማ ከዘይት ይሻላል ያሉኝ እሳቸው ናቸው። «ዘይት አሸዋ ይጠራል፤ አሸዋ ደግሞ ዚፕ ይበላል» ይሉ ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ጭሮ ውስጥ ጭቃ እንጂ አሸዋ የት አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ጠዋት ጠዋት ጉም ከጋራው ወርዶ መንገዱን በሚሸፍንበት ከተማ ሰውዬው ስለ አሸዋ ለምን እንደሚጨነቁ የገባኝ በኋላ ነው።

የሚሠሩት ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሰልባጅ ተራ ጥግ ካለው ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ወፍጮው ሲዞር በረንዳው ይንቀጠቀጣል፤ ዱቄቱ ቆባቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ፣ ሽፋሽፍታቸው ላይ ሳይቀር ያርፋል። ጥቁር የስፌት መኪናቸው ላይ የነበረው ወርቃማ አበባ ከእጅ ብዛት ጠፍቶ ቅጠሎቹ ብቻ ቀርተዋል። በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ የዚፕ ራሶች ያጠራቅማሉ። ከበላያቸው በተወጠረ ሽቦ ላይ ከአሮጌ ጃኬት፣ ከቦርሳ፣ ከቀሚስ የተፈቱ ዚፖች ይንጠለጠላሉ። የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በዋናው መንገድ ባለፉ ቁጥር ዚፖቹ እርስ በርሳቸው ይንሿሿሉ።

እኔ የምሄደው የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ላሠራ ነበር። በየሳምንቱ ይበጠሳል። ጋሽ ዩስፌ ቦርሳዬን በአንድ እጃቸው መዘን ያደርጉና «አንቺ፣ መጽሐፍ ነው ወይስ ድንች የምትሸከሚው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እናቴ ጉሊት ድንች ስለምትሸጥ ሰፈር ውስጥ ላዘዟት ሰዎች የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ድንቹም ከደብተሬ ጋር ነበር የሚጓዘው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን ያቆመው ያ ጉሊት ነው።

ጫማ ላይ ዚፕ መስፋት የጀመሩት አንድ ከሳዑዲ ተይዞ የተመለሰ ወጣት ባመጣው ጣጣ ነው። ልጁ ወር እንኳ ሳይቀመጥ እንደገና ሊሄድ ተነሳና አዲስ ባለማሰሪያ ጫማውን ይዞ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ መጣ። በበረሃው መንገድ ቀን ተደብቀው ይውላሉ፣ ሲመሽ ይጓዛሉ አላቸው። እግር ስለሚያብጥ ለእረፍት ሲቀመጡ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል። ከዚያ መንገድ መሪው ያፏጫል። ሲያፏጭ የተነሳ ተነሳ፣ ያልተነሳ ቀረ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። «ጋሽ ዩስፌ፣ ባለፈው በጨለማ ክሩን ፍለጋ ስዳብስ ልቀር ነበር። ጎኑን ይቅደዱልኝና ዚፕ ያድርጉበት። አንዴ ስስበው የሚዘጋ።»

አደረጉለት። ምን ያድርጉ! ልጁ ደረሰ፤ መድረሱም ተሰማ። ከዚያ በኋላ ከቦኬም፣ ከመቻራም፣ ከጭሮ ሰፈሮችም ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ወጣት በዛ። ጋሽ ዩስፌ ማን ሊሄድ እንደተነሳ ከወላጆቹ ቀድመው የሚያውቁ ሰው ሆኑ። ለማንም አይናገሩም። እናቶች ግን ምስጢሩን ደረሱበት። ማታ ማታ ልጆቻቸው በር ላይ ያወለቁትን ጫማ እያገላበጡ ማየት ጀመሩ። ዚፕ የተሰፋበት ጫማ ካገኙ እዚያው ለቅሶ ነው። አንድ የቦኬ አባት ደግሞ ለልጁ ከገበያ ቡት ገዝቶለት ገባ፤ ዚፑ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ነው። እናትየው ስታየው ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ልጁ ስለ ጫማው ምንም ሳያውቅ ሽማግሌ ተቀመጠበት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ውስጡ ፍርሃት ነበረበት።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ያኔ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ጫት ተራ ኬሻ ይጭን ነበር። ሳቂታ ነው። ማታ ሲገባ ትንሹን ወንድማችንን ኑሬን ትከሻው ላይ አውጥቶ ግቢውን ያዞረዋል። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ በር ላይ ስትመለከት ጀማል በኮንጎ ጫማ ወጥቷል፤ ባለማሰሪያ ጫማው የለም። ድንቹን ለጎረቤቷ ትታ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ እጄን ይዛ ቁልቁል ወረደች።

የጀማል ጫማ ጋሽ ዩስፌ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በጎኑ በኩል የሚቀደድበትን መስመር በጠመኔ አስምረውበታል። ከጃኬት የተፈታ የብረት ዚፕም አጠገቡ ተዘርግቷል።

«ጋሽ ዩስፌ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ይሄን ጫማ አይስፉ» አለች እናቴ።

«የጀማል እናት፣ እኔ እምቢ ስል የሚቀር ቢሆን ኖሮ ይሄን መኪና ድሮ ገደል እከተው ነበር።»

«ይቀራል! ጫማውን ካላመነው ይፈራል። የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አባቱን ቀብሬያለሁ። እሱን ደግሞ ለበረሃ አልሰጥም፣ ወላሂ አልሰጥም።»

ወፍጮው እያጓራ ስለነበር አልሰሟትም ብዬ ነበር። ከዚያ ጋሽ ዩስፌ አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነኩና የጠመኔውን መስመር ጠረጉት። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ጀማል ከሰዓት ሲመጣ እኛ ማዶ ሱቅ ደጃፍ ቆመን እናይ ነበር። ጫማውን እንዳለ ሰጡት። «አልሰፋም» አሉት።

«ለምን አቦ? ምን አደረግኩ?»

«አልሰፋም አልኩህ፣ አልሰፋም።»

ጀማል ዘወር ሲል እናቴን አያት። ሁሉም ነገር ገባው መሰለኝ፣ ሳቀ። «እሺ፣ እንግዲህ ጥሩ አድርጎ ማሰር ነዋ!» አለና ጫማውን በክሩ አንጠልጥሎ ሄደ። እናቴ ግን አሸነፍኩ ብላ ነበር። እንደዚያ ሰሞን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለጀማል ለብቻው እንቁላል ትጠብስለታለች፤ ስለ ሚስት ታወራዋለች፤ የማን ልጅ ጥሩ እንደሆነች ትነግረዋለች። እሱም ይሰማታል፣ ይሳለቃል። አንድ ጁምዓ ለሶላት እንደወጣ አልተመለሰም። በጫት መኪና ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ያየው ሰው ነበር።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን የመቻራ ልጅ ነኝ የሚል፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ወጣት ግቢያችን ቆመ። ከነጀማል ጋር ነበር የወጣው፤ ተይዞ፣ ታስሮ ነው የተመለሰው። ውሃ ሰጠነው። ብርጭቆውን ጨርሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አይኑን ከመሬት ሳያነሳ «መሪው አፏጨ። ተነሳን» አለ። «ጀማል አንዱን ጫማ አስሮ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ነበር። እግሩ አብጦ ነበር፣ ጣቶቹም ይንቀጠቀጣሉ። ልርዳህ አልኩት። ሂዱ፣ እደርሳለሁ አለ። ትንሽ ሄጄ ዞር ስል ጎንበስ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች አስከሬን ለሌለው ሟች የሚሰገደው ሶላት ይሰገድለት አሉ። እናቴ አሻፈረኝ አለች። «ልጄ ጫማውን እያሰረ ነው። ሞተ ያላችሁ ማን ነው?» አለቻቸው።

በማግስቱ ጋሽ ዩስፌ መጡ። ወደ ቤት አልገቡም፤ ግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያለ ስፌት መኪናቸው ሳያቸው ያነሱ መሰሉኝ። እናቴ ወጥታ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የጀማል እናት» አሉ።

«አይደሉም። ያስከለከልኩዎት እኔ ነኝ።»

ኑሬ መሀላቸው በቆርኪ ይጫወት ነበር። ጋሽ ዩስፌ እስኪመሽ ተቀምጠው ለመግሪብ ሶላት ተነስተው ሄዱ። እኔ ልጅ ብሆንም ማንን መጥላት እንዳለብኝ ፈልጌ ማጣቴን አስታውሳለሁ። ወጣቶቹን የሚልከውን ደላላ ልጥላ ብል አላውቀውም። መሪውንም አላየሁትም። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ መጥላት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዩስፌ ማንንም አልመለሱም። የማን ልጅ ነህ አይሉም፣ እናትህ ታውቃለች ወይ አይሉም። ጫማውን ይቀበላሉ፣ ይሰፋሉ፣ ሻማ ያሻሉ፣ ይሰጣሉ። ቀልዳቸው ቀረ። መስጊድ ውስጥ «ልጆቻችንን የሚሸኝብን ይሄ ሽማግሌ ነው» ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። እሳቸውም «አንዱን አስቀርቼው ነበር» ብለው ጫማቸውን ፈልገው ወጡ አሉ።

ኑሬ አደገ። የቆርኪው ልጅ ዲፕሎማ ያዘ፤ ዲፕሎማውንም ይዞ ከጭሮ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ ድሬዳዋ ሥራ ፍለጋ ሲመላለስ ጫማ ጨረሰ። እኔ ያኔ ሚኤሶ አስተማሪ ሆኜ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እወጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ስደርስ እናቴ የኑሬን ጫማ ጠርጋ ፌስታል ውስጥ ስታስገባ አገኘኋት። ምን እያደረግሽ ነው አላልኳትም። ኑሬ ለመሄድ ከተነሱ ልጆች ጋር እያመሸ እንደሆነ እኔም ሰምቻለሁ። «ነይ፣ አብረን እንሂድ። አይናቸው ስለደከመ ክሩን በመርፌ ታስገቢላቸዋለሽ» አለችኝ።

ጋሽ ዩስፌ አርጅተዋል። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ በረንዳው ዝም ብሏል። እናቴ ጫማውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይስፉልኝ» አለች።

«የማን ነው?»

«የኑሬ።»

እጃቸውን ጫማው ላይ አሳረፉ። የሚተነፍስ ነገር የነኩ ይመስል ነበር። «አልሰፋም ብልሽስ፣ የጀማል እናት?»

«አንድ ጊዜ ብለውልኝ ነበር» አለች እናቴ።

ክሩን በመርፌው አስገባሁላቸው። የመኪናው እጀታ ሲከብዳቸው እናቴ ይዛ አዞረችላቸው። አንድ መስመር ሰፍተው በላዩ ሌላ መስመር ደገሙ። ሲጨርሱ ዚፑን በሻማ አሹና ጫማውን ወደ እኔ ገፉት። «አይንሽን ጨፍኚ። በአንድ እጅሽ ዝጊው።» ጨፍኜ ሳብኩት፤ ተዘጋ። እንደገና አሉ፤ እንደገና ዘጋሁት። አይኔን ስከፍት እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። «ገለቶማ» ብላ አመሰገነቻቸው።

ኑሬ ሄደ። ጋሽ ዩስፌ እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ስፌት መኪናቸውን ዘመዶቻቸው ወሰዱት። በረንዳው ላይ አሁን የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። መቃብራቸው ላይ ከቆሙት ውስጥ ጫማቸውን የሰፉላቸው ወጣቶች አልነበሩም፤ ከየት ይምጡ! እናቶቻቸው ግን ከመቃብሩ ራቅ ብለው፣ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። የሚያለቅሱት ለእሳቸው ይሁን ለልጆቻቸው አልለየሁም።

ኑሬ ደርሷል። ሳዑዲ ተራራ ላይ የሰው በግ ይጠብቃል፤ ወረቀት ስለሌለው ፖሊስ በመጣ ቁጥር ይሸሻል። ጫማው ግን ባሕሩን አልተሻገረም። ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ክብደት ነው ተብሎ የሁሉም ጫማ ተወርውሯል። ባዶ እግሩን ነው የደረሰው። ይሄን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው።

በየወሩ ማለቂያ ሲደውል እናቴ ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ ጤናው አይደለም። «ጫማህስ አለ?» ትለዋለች።

«አለ እማዬ። ዚፑ እስካሁን እንደ አዲስ ነው» ይላታል።

እሷን ደስ ለማሰኘት ነው። እናቴ ስልኩን በእጇ ሸፈን ታደርግና ወደ እኔ ትዞራለች። «አየሽ?» ትለኛለች። «ያን ጊዜ ለጀማል እንዲሰፉለት ብተዋቸው ኖሮ፣ እሱም ይደርስ ነበር።»

እውነቱን ብነግራት የኑሬን ጫማ እወስድባታለሁ። ዝም ስል «ጀማልን የገደልኩት እኔ ነኝ» እንዳለች ትኖራለች። እስካሁን ዝም ብያለሁ።