የሱሉልታው ማደሪያና ሁለቱ ካርዶች

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። እኔ ጌታሁን፣ የሰበታ ነዋሪ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገጣሚ፤ ሙያውን ከመመሪያ መጻሕፍትና ከተበላሹ ዕቃዎች የተማርኩ። ልጄ ቤዛዊት፣ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቃ ከእኔ ጋር መሥራት ከጀመረች ዓመት ያልሞላት። አቶ ተሾመ፣ ቡራዩ ውስጥ የዚህ ዕቃ ነጋዴ። ኦቦ ገመቹ፣ ሱሉልታ የሚገኝ የክር ፋብሪካ ዘበኛ። ታደለች፣ ከወላይታ መጥታ እዚያው ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሴት ሠራተኞች ማደሪያ ተጠሪ። ኢንጂነር ዳንኤል፣ የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ፋብሪካው አንድ የእሳት ማስጠንቀቂያ ፓኔል አለው፤ ከግቢው ማዶ ያለው ማደሪያ ደግሞ ሌላ አለው። ሁለቱ አይገናኙም። ማደሪያው ውስጥ ጭስ ቢነሳ የሚጮኸው ማደሪያው ብቻ ነው፤ ውሃና ማጥፊያ ይዘው መድረስ የሚገባቸው የፋብሪካው ሰዎች በማሽን ጩኸት ውስጥ ሆነው ምንም አይሰሙም። ሁለቱን የሚያገናኘው በፋብሪካው ፓኔል ውስጥ የሚሰካ፣ መዳፍ የሚያህል የመገናኛ ካርድ ነው። የእሳት አደጋ መከላከል ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ጠዋት እንደምትመጣና ፓኔሎቹ ተገናኝተው ካላየች ማደሪያውን እንደምታሽግ አስቀድማ አስታውቃ ነበር። ከታሸገ ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው መውጣት አለባቸው። ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ክፍል ኪራይ ደግሞ ከደመወዛቸው ግማሽ ይበልጣል።

ከሰበታ እስከ ቡራዩ

ረቡዕ ማለዳ በአሮጌዋ ፒክአፓችን ከሰበታ ወጣን። ዓለም ገና ላይ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚገቡ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ቆየን። አንድ የሚኒባስ ሾፌር በቀኝ በኩል አፈሩ ላይ ወጥቶ፣ አቧራውን አልብሶን አለፈ።

«አገር የሚያበላሸው እንዲህ ያለው ነው» አልኩ። «ሕግ የሚያከብረው ፖሊስ ሲያየው ብቻ።»

«ተሳፋሪዎቹ እየጮኹበት ይሆናላ፣ አባዬ።»

«ለመቸኮል ምክንያት ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አልኳትና እስከ አየር ጤና ድረስ ስለ ጥንቃቄ መከርኳት። ቤዛ በመስኮት እያየች ሰማችኝ። አልፎ አልፎ «እሺ» ትላለች፤ «እሺ»ዋ ግን ሁልጊዜ መስማማት አይደለም።

በቀለበት መንገዱ ዞረን፣ ዊንጌትንና አስኮን አልፈን ቡራዩ ገባን። ድንጋይ የጫኑ ገልባጮች መንገዱን ነጭ አድርገውታል። የአቶ ተሾመ ሱቅ ከአንድ የብረታ ብረት መሸጫ ጀርባ ነው። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው።

«አካም ቡልተኒ፣ ጋሽ ጌታሁን? ዛሬም ልጅቷን እየመከሩ ነው የመጡት?»

«ነጋ ነው። ምክሩ ለአንተም ይተርፋል» አልኩት።

«ቤዛ፣ ጆሮሽ ደህና ነው?» አላት። እሷም «ለምጃለሁ» ብላ ሳቀች።

ፋብሪካው ቀደም ብሎ ሰባ ሁለት ሺህ ብር የከፈለበትን ካርድ ከነማሸጊያው አስረከበን። መደርደሪያው ላይ ሌላ አንድ ብቻ ቀርቶታል። «እሱ አንድ የሆለታ ሰው ሕንፃው ሲለሰን የሚወስደው ነው» አለ፤ «ቀጣዩ ዕቃ መቼ ከጉምሩክ እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው።» ቤዛ ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እዚያው እንዳለ ሱሉልታ ደረሰ።

ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የባሕር ዛፉ ሲያልቅ ሜዳው በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ወቅቱ ድርቆሽ የሚታጨድበት ነበርና ክምሩ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ደርሷል፤ አየሩም ከሰበታው በጣም ይቀዘቅዛል። ከተማው መግቢያ ላይ ሽሮ በላን። የሁለታችን ሦስት መቶ ሃያ ብር ነው። ሽሮው ጥሩ ነበር፤ እንጀራው ግን ቀጭን ሆኗል። በየከተማው እየቀጠነ ነው።

የፋብሪካው በር ላይ ኦቦ ገመቹ ቦርሳችንን ፈተሹ። በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሰው ናቸው።

«ይግቡ፣ ኢንጂነር» አሉኝ።

«ኢንጂነሯ እሷ ናት።»

«እሷማ ልጅ ናት።»

«ኦቦ፣ ልጅም ኢንጂነር ይሆናል» አለች ቤዛ። ሳቁና በሩን ከፍተው እስከ ፓኔሉ ሊያደርሱን አብረውን ገቡ።

ፓኔሉ ካለበት ኮሪደር ስንደርስ መብራት ጠፋ። እንዲህ ያለ ፓኔል መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ መሥራት አለበት። ይኼኛው ግን ጨልሞ ቀረ። በሩን ስከፍተው የባትሪዎቹ ቦታ ባዶ ነው፤ ገመዶቹ ጫፋቸው በጥንቃቄ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተንጠልጥለዋል። ታደለችም መምጣታችንን ሰምታ ከማደሪያው መጥታ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«ኦቦ ገመቹ፣ እዚህ የነበሩት ባትሪዎች የት ሄዱ?»

«አልተሰረቁም» አሉ ወዲያው። «ጥበቃ ቤት ናቸው። ማታ አምፖል እናበራባቸዋለን። ጄኔሬተሩ ለማሽን ብቻ ነው፤ ዘበኛ በጨለማ ምን ይጠብቃል?»

«ይህ ዕቃስ መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል?»

«መብራት ከሌለ ምን ሥራ አለው? ኮንታክት የለ፣ የሚነድ ሽቦ የለ። እሳቱ ከየት ይመጣል?»

ታደለች ቀስ ብላ ተናገረች። «አባባ ገመቹ፣ እኛ እኮ ሻማ የምናበራው መብራት ሲጠፋ ነው። ቡታጋዝም የምንለኩሰው ያኔ ነው።»

ኦቦ ገመቹ አንዴ እሷን፣ አንዴ የተንጠለጠሉትን ገመዶች አዩ። «ይህን አላሰብኩትም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኢንጂነር ዳንኤል ያውቃል። አይቶ ዝም ብሏል» አሉኝ።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። የሰው ነፍስ በአምፖል እንደማይለወጥ፣ ያልገባንን ዕቃ መንካት ጥፋት እንደሆነ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ባትሪዎቹን ሊያመጡ ሄዱ።

መብራት ሲመለስ

በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። መብራት ሲጠፋ «ተገላገልን» እንላለን። ማከፋፈያ ፍለጋ መዞር፣ ኃይል የሚቆርጠውን ብሬከር ማውረድ፣ ቁልፍ ያዥ መለመን ይቀራል፤ የመብራት መጥፋቱን እንደ ብሬከር እንቆጥረዋለን። ሰበታም ቡራዩም የማውቃቸው ሠራተኞች ሁሉ እንዲህ ይሠራሉ።

«አባዬ፣ ብሬከሩን ሳናወርድ?» አለች ቤዛ።

«የማከፋፈያው ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ከኢንጂነሩ ጋር ምሳ ወጥቷል።»

«እንጠብቀዋ።»

«መብራት እኮ የለም፣ ባትሪም የለም። ምኑን ነው የምንጠብቀው?»

«ሲመጣስ?»

«ቤዛዊት፣ የስልክሽን ባትሪ አብሪልኝ።»

አበራችልኝ። ካርዱን ከማሸጊያው አውጥቼ በቦታው አስተካከልኩት። አንዱ ጠርዝ ገብቶ ሌላው ገና ሳይገባ የኮሪደሩ አምፖሎች በሩ። ከጣቴ ሥር ትንሽ ጠጠር የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያውም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ካርዱን ስነቅለው አንዱ ጥጉ ጠቁሯል።

ቤዛ ስልኳን ኪሷ ከተተች። መለኪያውን አንስታ ፓኔሉን ስትመረምር ፊውዙ ብቻ እንደተቃጠለ፣ ሌላው ደህና እንደሆነ አገኘች። ፊውዝ በሣጥናችን ነበረን፤ ካርድ ግን አልነበረንም።

«ጋሼ፣ ነገ አይደርስም ማለት ነው?» አለች ታደለች። «ልጆቹ ዕቃቸውን እንዳይሸክፉ ነግሬያቸው ነው የመጣሁት። ይሠራል ብዬ።»

የጠቆረውን ካርድ ወደ ማሸጊያው መለስኩት።

ኢንጂነር ዳንኤል ከምሳ ሲመለስ የተቃጠለውን ካርድ አገላብጦ አየው። ትሑት፣ ለስላሳ ሰው ነው። «መብራት ነዋ፣ ጋሽ ጌታሁን። ይህ ፋብሪካ ውስጥ መብራት ያላቃጠለው ዕቃ የለም። ‹በኃይል መዋዠቅ ተቃጠለ› ብለው ይጻፉልኝ፤ እኔ ፈርሜ ለግዥ ክፍል አቀርበዋለሁ። ድርጅቱ ይተካዋል፤ እርስዎ ላይ ምንም አይመጣም።»

«ግዥው መቼ ያልቃል?»

«ሦስት ዋጋ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ያየዋል… ከሁለት ሳምንት አያልፍም።»

«ማደሪያውስ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «እሱ የእኛ ጥፋት አይደለም። የመብራት ነው።»

እውነቱን ልጻፍ። ያለኝን ልጽፍለት ወረቀት ለመቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር። ሰባ ሁለት ሺህ ብር እኔ ቤት ውስጥ የክረምቱን ጣሪያ ለማደስ የተቀመጠው ገንዘብ በሙሉ ነው። ውሸቱም ውሸት አይመስልም፤ መብራቱ እውነትም መጥቷል። ቤዛ ፊውዙን እየቀየረች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«መብራቱ አይደለም» አልኩት። «ብሬከር ሳላወርድ የሰካሁት እኔ ነኝ። ልጄም ነግራኛለች። ካርዱን ዛሬውኑ እተካለሁ።»

ዳግመኛ ቡራዩ

በመጣንበት ቁልቁለት ተመልሰን ወረድን። አቶ ተሾመ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወ።

«የሆለታውን ሰው ምን ልበለው?»

«ማደሪያው ነገ ይታሸጋል፤ የሆለታው ሰው ግን ሕንፃው ገና አልተለሰነም። ራስህ ነው የነገርከኝ።»

ስልክ ደውሎ በኦሮምኛ ረጅም ክርክር ተከራከረ። ሲጨርስ «ተሳድቧል፤ ግን እሺ ብሏል» አለኝ። ከባንክ ሂሳቤ በስልክ አስተላለፍኩለት። ዋጋ ቀንስልኝ አላልኩም፤ እሱም አልቀነሰም። ለቤዛ ግን የታሸገ ውሃና ብስኩት ሰጣት።

ያን ቀን ሱሉልታ ተመልሰን ፔንሲዮን አደርን። ሁለት ክፍል አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው፤ ብርድ ልብሱ ስስ፣ ውሃውም እንደ በረዶ።

ሐሙስ

ጠዋት ከኢንጂነር ዳንኤል ቁልፍ ተቀብዬ ብሬከሩን አወረድኩ። የክፍሉን በር ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ባትሪዎቹም ገና አልተገጠሙም። ካርዱን የሰካችው ቤዛ ናት። ባትሪዎቹን ገጥማ፣ እኔም ብሬከሩን መልሼ፣ ፓኔሉ አዲሱን ካርድ እንዲያውቀው አስተካከለችው። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሁለቱ ተገናኙ ማለት ነው።

ተቆጣጣሪዋ ደርሳ ማደሪያው ውስጥ የመሞከሪያ ጭስ እንድንነፋ አዘዘች። ነፋን። ፋብሪካው በሙሉ ጮኸ። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው የተኙት ሴቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ግቢው ውስጥ ፈሰሱ።

«ምንድን ነው? ተኝተን እኮ ነው!»

«ጌታ ይይላችሁ፣ አሁን በእንቅልፍ ይቀለዳል?»

«ዝም በሉ፣ ይሄ ነው ያኖረን» አለቻቸው ታደለች። ወደ እኔ መጥታ «ይባረኩ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እሷን» ብዬ ቤዛን አሳየኋት።

ተቆጣጣሪዋ ፓኔሉን ስታይ የባትሪዎቹ ቦታ አቧራ እንደጠጣ፣ ባትሪዎቹ ላይ ግን የአምፖል ሽቦ ቁራጭ እንደቀረ ልብ አለች። «እነዚህ የት ነበሩ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ጥበቃ ቤት።»

«ማን ወሰዳቸው?»

«ዘበኞቹ» አልኩ። ጻፈች። ማደሪያው ግን አልታሸገም።

ወደ ሰበታ

ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስንወርድ ቤዛ ተናገረች።

«ኦቦ ገመቹ ኢንጂነሩ ያውቃል ብለዋል። ለምን አልነገርካትም?»

«የሰማሁት ነው እንጂ ያየሁት አይደለም።»

«የነገሩህንም አልነገርካትም፤ እንደ ሰማኸው እንኳ። ስለ ራስህ ሙሉውን ተናገርክ፤ ስለ እሳቸው ግማሹን።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከልጆቼ አልለመድኩም። እስከ አየር ጤና ድረስ መኪና ነዳሁ እንጂ አልመከርኩም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለተቆጣጣሪዋ ደወልኩና የቀረውን ነገርኳት። «እጠይቃለሁ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ኦቦ ገመቹ ከደመወዛቸው መቀጣታቸውን ታደለች በስልክ ነገረችኝ። ኢንጂነር ዳንኤልን የጠየቀው ሰው እንዳለ እስካሁን አልሰማሁም።

ከጉዞው የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። የጠፋ መብራት የወረደ ብሬከር አይደለም። እውነት ደግሞ የሚከብደው በራስ ላይ ሲናገሩት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በለስላሳ ሰው ላይ መናገሩም ይከብዳል፤ እሱን ሳልፈው ሸክሙ በሩ ላይ በቆመው ሰው ላይ ወደቀ።

ወጪው ይህ ነው። ፋብሪካው ለመጀመሪያው ካርድ ሰባ ሁለት ሺህ፣ ለሥራችን አሥራ አምስት ሺህ። እኔ ለሁለተኛው ካርድ፣ ለነዳጅ፣ ለመኝታና ለምግብ ያወጣሁት፣ የተከፈለኝ ሲቀነስ፣ ስድሳ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። ኦቦ ገመቹ የተቀጡት ሁለት ሺህ። ኢንጂነር ዳንኤል ምንም። ድምሩ አንድ መቶ አምሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ ከዚህ ሁሉ ያለ ቦታው የተከፈለው የኦቦ ገመቹ ሁለት ሺህ ነው።