በኦቦ ቦጂያ ማሳ ላይ የተሠራው ድልድይ

ዓለም ገና ከተማ የሚኖረው ፎርማን አማኑ ሃያ ስድስት ዓመት ድልድይ ሠርቷል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የ2007 ሐምሌ ከልቡ አልወጣም። ከሰበታ ወረድ ብሎ ባለ ወንዝ ላይ የአዲሱን ድልድይ የግንብ እግሮች አቁመው፣ መሐሉን በባሕር ዛፍ ደግፈው አርማታው የሚሞላበትን የእንጨት ቅርጽ፣ ካሳፎርማውን፣ እንደጨረሱ ደራሽ ውሃ መጣና ከግንቡ እግሮች በቀር ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። አሮጌው ድልድይ ቀድሞ ፈርሶ ስለነበር መሻገሪያ ጠፋ። በዚያው ክረምት፣ ማሳቸው ወንዙ ዳር ያለው የኦቦ ቦጂያ ልጅ ደጊቱ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሲወስዷት ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። አማኑ ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር።

ኅዳር ላይ ለሳይቱ መሐንዲስ ለቤቴል አንድ ሐሳብ አቀረበላት። ቢሞቹን፣ የድልድዩን ተሸካሚ የአርማታ አግዳሚዎች፣ ወንዙ ላይ ከመሙላት ዳር ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ይሞሉ፤ ሲጠነክሩ ክሬን አንሥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ወንዙ ውስጥ አንድ እንጨት አይቆምም አላት። እሷም አሠራሩን በትምህርት ታውቀው ነበርና አለቆቿን አሳመነች። ለዚህ የሚሆን ሜዳ የኦቦ ቦጂያ የታጨደ ማሳ ብቻ ነበር። ቀያሾች መጡና ችካል ተከሉበት።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የጋለበት ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። በማግስቱ ችካሎቹ ተነቅለው ሳይቱ በር ላይ እንደ ማገዶ ተከምረው ተገኙ። ቤቴል ፖሊስ ልትጠራ ስትል አማኑ ከለከላት። ያስተከልኩት ባለቤቱን ሳልጠይቅ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አላት።

ኦቦ ቦጂያ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ተቀበሉት። ተቀመጥ አላሉትም።

«ሱሉልታ ባለው በወንድሜ ማሳ ላይም የጀመሩት በችካል ነው» አሉ። «ዛሬ የሚያየው አጥሩን ነው።»

«እኔ የምፈልገው እስከ እርሻ ወቅት ብቻ ነው። ድልድዩ ለእርስዎም…»

«ድልድይ ጠፍቶ ደጊቱን አጣሁ። ድልድይ ይሠራ ብዬ ደግሞ መሬቴን ልጣ?»

አማኑ «ከግንቦት በፊት ማሳዎን አጽድቼ አስረክብዎታለሁ። ይህን የምልዎት ድርጅቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?»

«ፎርማን።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «መሐንዲስ ነኝ ብትለኝ አላምንህም ነበር» አሉና በርጩማ አስመጡለት።

ዳግም ችካል አልተተከለም። ወሰኑን በገመድ ለኩት፤ አንዱን ጫፍ ኦቦ ቦጂያ ራሳቸው ያዙ። ማሳው ላይ የአርማታ ወለል ተነጠፈ፣ በላዩም ስምንት ቢሞች ተሞሉ። መንገድ በተዘጋ ቀን ሠራተኞቹ ከየሰፈራቸው በእግር እየመጡ የቢሞቹን ብረት፣ ፌሮውን፣ ያስሩ ነበር፤ ሲሚንቶው ቀድሞ ገብቶ ነበር። መጋቢት ላይ መንገዱ ሲከፈት ክሬኑ መጣ። አማኑ ዕድሜውን ሙሉ ወራት ሲፈጅ ያየው ሥራ በሁለት ቀን ወንዙ ላይ ተጋደመ።

ሚያዝያ መጨረሻ ከዋናው ቢሮ ትእዛዝ ደረሰ። አሠራሩ ስለተወደደ ወለሉ አይፍረስ፤ የሌሎች ድልድዮች ቢሞችም እዚያው ይሞላሉ ይላል። አማኑ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ተቀባይነት እንዲያገኝ ሲለምንለት የከረመው አሠራር ነበር። ቤቴል ላነጋግራቸው፣ ጥቂት ታገሥ አለችው። እሱ ግን ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና ድጅኖ ይዞ ወለሉን መስበር ጀመረ። ሠራተኞቹ ቆመው ሲያዩት ቆዩና አንድ በአንድ ተቀላቀሉት። ኦቦ ቦጂያ ስብርባሪውን በአህያ ያጓጉዙ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ታገደ። ቢሮ ጠርተው ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ወረቀት ሰጡት። ብዙም አላሰበ። «ይህ ማሳ ካልተመለሰ ሌላ ወንዝ ዳር ሜዳ የሚሰጠን ሰው አናገኝም። ያፈረስኩት ሌሎች ድልድዮችም እንዲህ እንዲሠሩ ስለምፈልግ ነው» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።