ለ«አይደለም» የሚሆን ቅጠል

ከምንጃር የወጣሁበት ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያለቅስ ተሰብስቦ እሷን ሲጠብቅ፣ እሷ ምድጃ ሥር ቁጭ ብላ ቆሎ እየቆላች «ለመንገድ ገብሱ ይሻላል ወይስ ሽምብራው?» ትላለች። አክስቴ መታገሥ አቅቷት ብቻዋን ጀመረችው፤ ማንም ስላልተከተላት መልሳ ዋጠችው።

ባለቤቴ ታደሰ የስልክ ዘበኛ ሆኖ ሐረር ተመድቦ ነበር። የስልክ ዘበኛ ማለት ሽቦው እንዳይበጠስ የሚጠብቅ፣ ከተበጠሰም ማን እንደበጠሰው የሚመረምር ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበጥሰው ዝንጀሮ ነው፤ ዝንጀሮ ደግሞ ተጠይቆ አይመልስም። እናቴ ግን «በሽቦ ለሚሄድ ወሬ ብሎ ልጄን ወሰዳት» እያለች እስከ ዛሬ ትወቅሰዋለች።

ደጅ ላይ ስንሰነባበት እጄን ይዛ፣ «ደብዳቤ እንዳትልኪ» አለችኝ።

«ለምን እማዬ?»

«አንቺ አትጽፊ፣ እኔ አላነብ። እዚያ አንዱ ደብተራ ይጽፋል፣ እዚህ አንዱ ደብተራ ያነባል። ሁለቱ ሲጨዋወቱ እኔ መካከል ምን ልሠራ ነው? ዓይኔ የሚያየውን ነገር ላኪልኝ።»

ይህን የምጽፍላችሁ ዛሬ እኔው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን ሐረር ብዙ ዘመን ከኖርኩ በኋላ ነው። ያኔ «ሀ»ን ከበቅሎ ኮቴ አልለይም ነበር።

ከሞጆ ባቡር ተሳፈርን፣ አዋሽ አደርን፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ሙቀቱ አፌን አስከፍቶ አስቀረኝ። ከዚያ በበቅሎ ተራራውን ወጣንና ሐረር በር ላይ የኬላው ዘበኛ አቆመን።

«ምን ይዘሻል?»

«ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ።»

«ሐረር እህል የለም ያለሽ ማን ነው?»

«እናቴ ናት።»

ከቆሎው ዘግኖ አላመጠና፣ «የቡልጋ ነው የምንጃር?» አለኝ።

«የምንጃር።»

«የቡልጋ ይሻላል» አለና እንደገና ዘገነ። እንደማይወደው እየነገረኝ ግማሹን ጨረሰው። የአገር ሰው ማግኘት ደስ ይላል።

ቤት የተከራየነው ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት ጠባብ መንገድ ነው። የቤቱ ባለቤት ፋጡማ የሚባሉ የሐረር ተወላጅ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ሐረሮች እናትን «አይ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን «አይ ፋጡማ!» ብዬ ስጣራ እምቢ የምላቸው እየመሰለኝ እሸማቀቅ ነበር። እሳቸውም በበኩላቸው የአብሽ መረቅ ባቀረቡልኝ ቁጥር «ታምሜያለሁ እንዴ?» ስላልኳቸው ተቀይመውኛል። እኛ አገር አብሽ የሚጠጣ የታመመ ነዋ! እሳቸው ጋ የምሳ ነው።

እናቴ ዓይኔ የሚያየውን ብላኝ የለ? ከግቢያችን የሮማን ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ በጨርቅ ጠቅልዬ በነጋዴ ላክሁ። ከወራት በኋላ በነጋዴው አፍ መልሱ መጣ፦ «የላክሽው ትንባሆ ደርሶናል። እኔ ባልስበውም ለጎረቤት ሽማግሌ ሰጥቻለሁ።» ለካ መንገድ ላይ ደቆ ዱቄት ሆኗል።

አንድ ቀን ድስት ሳወርድ የተጣበቀበት ጥላሸት የሮማን ቅጠል ነክቶ ኖሮ፣ ቅጠሉን ሳላስተውል በመዳፌ ግድግዳው ላይ ተጫንኩት። ሳነሣው ሥሩ፣ ጅማቱ፣ ትል የበላው ጠርዙ ሳይቀር ኖራው ላይ ታትሞ ቀርቷል። አፌን ይዤ እያየሁት ሳለ አይ ፋጡማ ገቡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነው።»

«ቅጠል ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ቤቴ ዛፍ ነው?»

«ሳላስበው ነው፣ ይማሩኝ።»

«ሱብሃነላህ! ሳታስቢው እንዲህ ያማረ፣ አስበሽ ምን ልታደርጊ ነው! ኖራ ግዢና ቀቢው።»

ቀባሁት። ግን መላው ተገኝቶልኝ ነበር። ታደሰ ከፈረስ መጋላ ሱቆች የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ለመነልኝ፤ ጥላሸቱን በኑግ ዘይት ለወስኩ፣ የቅጠሉን ጀርባ ቀባሁ፣ ወረቀቱን ጭኜ በመዳፌ ጫንኩት። ቅጠል እንደሆነ በሦስት ቀን ይጠወልጋል፤ ይኸኛው ግን የቀጠፍኩበትን ጧት ይዞ ምንጃር ገባ።

እናቴ ደስ አላት። ችግሩ፣ አላየችውም፤ አነበበችው። ትንሽ የጫት ቅጠል አትሜ ብልክ «ቅጠሉ አንሷል፤ ልጄ ከስታለች» ብላ አንድ ቁና በሶ ላከችልኝ። በሶውን በላን። ክረምት ላይ ከሁሉ አምሮ ያየሁት ጉሎ ስለነበረ፣ ወረቀቱን ሞልቶ የሚፈስ ትልቅ የጉሎ ቅጠል አትሜ ላክሁ። ምን ትላለች? እልል ብላ መንደሩን ጠራች። «አርግዛለች!»

የአራስ ቅቤ መጣ፣ የገንፎ እህል መጣ፣ ከአክስቴ የሕፃን መታቀፊያ መጣ።

እኔ አላረገዝኩም ነበር። ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ በየወሩ የማለቅሰውን ለቅሶ ታደሰ ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆን፣ እኔም እንደማይሰማ ሳስመስል እንኖር ነበር። በዚያ ቅቤ ላይ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ገንፎውን አገነፋሁት። ሦስታችንም ከአንድ ገበታ ላልተወለደ ልጅ ገንፎ በላን፤ አይ ፋጡማ ቅቤው መልካም እንደሆነ መሰከሩ።

እንግዲህ ምን ልላክ? «አይደለም» የሚል ቅጠል የቱ ነው? የደረቀ ብልክ «ሞተ» ይላሉ። ትንሽ የሮማን እንቡጥ ላክሁ፤ «ሴት ናት ማለት ነው» ብለው ተደሰቱ። ቢቸግረኝ አንድ የምንጃር ነጋዴ ጠርቼ «ልጅ የለኝም፣ ቁርጡን ንገራት» አልኩት። ሄደ፣ የእናቴን ጠላ ጠጣ፣ ክፉ ወሬ ማውራት ከብዶት «ደህና ናቸው» ብሎ ተነሣ። «ናቸው» በሚለው ቃል ቤተሰቤ በዝቶ ዋለ።

በዚያው ዓመት የግቢው ሮማን መድረቅ ጀመረ። አይ ፋጡማ አንድ ከሰዓት ወረቀቴን ራሳቸው ይዘው መጡ።

«ከጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል ቀርቷል። አትሚልኝ።»

«ያን ጊዜ ኖራ አስቀብተውኝ የለ?»

«ያን ጊዜ ዛፉ ነበራ።» ተቀመጡ። «የተከለው ልጄ ነው። ባሕር ተሻግሮ ዐደን ሄደ፤ ያኔ ጢም እንኳ አላበቀለም። ዛሬ ሸብቶ ይሆናል፣ አላህ ያውቃል። እኔ ጋ ግን ያው ነው፤ ጢም የለውም።»

የቀሩትን ቅጠሎች አንድ በአንድ አተምኩላቸው። እሳቸው እያንዳንዱን በጣታቸው ጅማት ጅማቱን ተከትለው፣ ልክ ፊት እንደሚዳሰስ ዳሰሱት። በዚያው የእናቴን ነገር አጫወትኳቸውና ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተያት» አሉኝ። «ወላሂ፣ እናት በሌለ ልጅም ትኖራለች። እኔን አታይም?»

እሳቸውን አየሁና መንገር እንዳለብኝ ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ታደሰ አለቃውን ደጅ ጠንቶ ስልክ አስፈቀደልኝ፤ ቀኑን በነጋዴ አስነገርኳትና እናቴም ሞጆ ስልክ ቤት ድረስ በአህያ መጣች። በሐረሩ ስልክ ቤት ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ስልከኛው እጀታውን አዙሮ አዙሮ «ያዢ፣ አጭር አድርጊው» አለና ቀንድ የመሰለውን ነገር ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

«አቤት!» አለች እናቴ፣ ከጉድጓድ ውስጥ። «ማነሽ?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አትጩኺ፣ ሰው ይሰማል!» ብላ ጮኸች።

ሰላምታውን ዘልዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «እማዬ፣ ልጅ የለኝም። ያኔም አልነበረም» አልኳት።

ሽቦው ብቻ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ተቋረጠ ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ወረቀትሽ ንጹሕ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ወረቀት ሳይቀደድ፣ ሳይላስ አይተርፍም። ጎረቤቱ ደስ ብሎት ነበርና ተውኩት።»

«ታዲያ ቅቤውን ለምን ላክሽው?»

«እንድትበዪው ነዋ! ከስተሻል ብዬሽ የለም?»

ስልከኛው «አጭር አድርጊው ብዬሽ ነበር» እያለ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። 

«መቼ ትመጫለሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ለመስቀል።»

«እሺ። ለመስቀል» አለች፣ ተቋረጠ።

ስልከኛው ቀንዱን ከእጄ ወስዶ ቦታው ላይ ሰቀለው። «ሁሉም ለመስቀል ነው የሚሉት» አለ፣ የሚቀጥለውን በጣቱ እየጠራ። «የትኛው መስቀል እንደሆነ ግን አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም።»

 ከኋላዬ ያሉት ወረፋቸው ስለደረሰ ገፋ ገፋ አደረጉኝና ወጣሁ።