እርጥቡ ጨርቅ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ በጋ፣ ቡና የሚጓጓዝበት ጊዜ። ገና ጡት የሚጠባው የበኩር ልጄ ሳንባውን ታመመብኝ። ትንፋሽ ስላጠረው ጡት መያዝ አቃተው። ከወርቃ ወደ ዲላ ቡና ጭኖ የሚወርድ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ሙስሊም ነው፣ የነጋዴ ልጅ። ልጁን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ ጋቢና አስገባኝ።

ይርጋ ጨፌ ሳንደርስ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። ዳገቱ ላይ ተንቀጠቀጠና ሞተሩ ጠፋ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሾፌሩ ሞተሩን ከፍቶ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ጥላሸት ለብሰው ርሰዋል። ጠርጎ መለሳቸው። ተነሣ፤ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ጠፋ። ካርቡራተሩ ቤንዚን አብዝቶ እየሰጠ ነው ብሎ እሱንም ነካካው። ለውጥ የለም።

እኔ ምን ላድርግ? በእግሬ እንዳልሄድ ዲላ ሩቅ ነው። ልጁን አቧራ እንዳያገኘው በነጠላዬ ሸፍኜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ልጸልይ ብዬ «ጌታ ሆይ» አልኩና እዚያው ቀረሁ። የሚከተለው ቃል ጠፋኝ።

የቡና መፈልፈያ ሠራተኞች ከገለባው ብናኝ ለመዳን አፍና አፍንጫቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያስራሉ። ሾፌሩም መንገድ ላይ እንደዚያው ያደርግ ነበር። ሲደክመው ተቀመጠና ላቡን ሊጠርግበት ጨርቁን ከፊቱ ፈታው። አቧራው ተጋግሮበት ጭቃ ሆኗል። አገላብጦ አየውና ብድግ አለ። ለካ ለሞተሩም አዝኖ፣ ጠዋት የአየር መሳቢያውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ አስሮለት ኖሯል። ሲፈታው እንደ ምርጊት ደርቋል።

«ቤንዚኑ አልበዛበትም» አለ፤ «እኔ ነኝ ያፈንኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ የልጁንም ፊት ግለጪለት።»

ገለጥኩት። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ካንዴላዎቹን እንደገና ጠርጎ አስነሣው። ጭሱ እየሳሳ ሄደ፤ ዳገቱንም ወጣን። ዲላ ስንደርስ ልጁን ተቀብሎኝ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ፤ እኔ ከኋላው። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር መርፌ ወጋውና ጠብቂ አለኝ። ጠበቅሁ። ከመጠበቅ ሌላ በእጄ ምን ነበር?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ ጡት ያዘ። ሾፌሩ እስከዚያች ሰዓት ደጅ ተቀምጦ ነበር። ወጥቼ ነገርኩት፤ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቡናውን ሊያራግፍ ሄደ። ከ«ጌታ ሆይ» የሚከተለው ቃል ያን ጊዜ መጣልኝ።